ንፋስ ይገባል ያለኝ ሰው

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ በስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ዳቦ ቆርሰው ሸኙኝ። የክፍላችን ኃላፊ ስለ እኔ ሲናገሩ «ከስሪዲ ፕሪንተር ጋር ያላመደችን እናታችን» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ አመሰገንኩ። ማሽኑ እንዴት እንደ መጣ፣ የመጀመሪያው ሥራችን እንዴት እንደ ተበላሸ፣ ሰው የሚያስቀውን የሚያስቀውን ብቻ አውርቼ ተቀመጥኩ። ዳንጊሶ ስለሚባል ሰው አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጄ በጡረታው የከፋኝ መስሏት «እማዬ፣ አሁን እኮ ታርፊያለሽ» አለችኝ።

በዚያ ቀን ያስቀረሁትን ነው አሁን የምጽፈው። የሠራሁበትን ተቋም ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬያለሁ። የእኔን ብቻ አልቀየርኩም። ማርታ እባላለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ያኔ ሐዋሳ ውስጥ የጨረር ሕክምና የሚባል ነገር አልነበረም። የተቀጠርኩት ሰው ሠራሽ እግርና የአካል ድጋፍ በሚሠራበት ወርክሾፕ ነበር፤ ሥራዬም ጄሶ ማቡካት። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው። አለቃዬ ጋሽ ወርቅነህ ይባሉ ነበር፤ ከወሎ መጥተው እዚሁ የከተሙ፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ጥፍራቸው ሥር ሁልጊዜ ነጭ የጄሶ ዱቄት የማይጠፋ ሰው።

ስለ ጋሽ ወርቅነህ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነውና። ጄሶ ሲደርቅ ራሱ ይግላል። ውሃው ትንሽ ሞቅ ካለ ደግሞ የሰው ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ጋሽ ወርቅነህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የራሳቸውን ክንድ ይጠቀልሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። የግራ ክንዳቸው ላይ ፀጉር አልነበረም፤ በዓመታት ውስጥ ጄሶው ነቅሎ ጨርሶት ነበር። በሽተኛውን ደግሞ «አመመዎት?» ብለው አይጠይቁም።

«አመመዎት ስትዪው ሰው አይ ነው የሚልሽ» ይሉኝ ነበር። «እንዴት ነበር በዪውና ዝም በዪ። መልሱ እስኪመጣ ጠብቂ።»

እውነትም ይጠብቃሉ። ሰውየው ግድግዳ ግድግዳውን ቢያይ፣ ቢያስነጥስ፣ ስለ ዝናቡ ቢያወራ፣ እሳቸው ቆመው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ «ኧረ እዚህ ጋ ትንሽ ይቆረቁረኛል» የሚለው ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

ብዙ ዓመት እንዲህ አብረን ሠራን። ኋላ የጨረር ሕክምና ክፍል ተከፈተና በእጅ ቅርጽ የሚያወጡ ሠራተኞች ተፈለጉ። ሁለታችንም አዲስ አበባ ሄደን ሠልጥነን ተመለስን። እዚያ የተማርነው ሥራ ቦለስ መሥራት ነው። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የጨረሩ ጉልበት ቆዳው ላይ ሳይሆን ከቆዳው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚበረታው። ካንሰሩ ጥልቅ ከሆነ ይህ ደግ ነገር ነው። ካንሰሩ ራሱ ቆዳው ላይ ከሆነ ግን ጨረሩ ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ እንደ ሥጋ የሚቆጠር ነገር በላዩ ላይ ይደረጋል፤ ጨረሩ ቆዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ እንዲሞላ። ቦለስ ማለት ይኸው ነው። ታዲያ በቦለሱና በቆዳው መካከል አየር ከገባ፣ ቆዳው ላይ የሚደርሰው ጨረር ይጎድላል። ሥራው ሁሉ አየር እንዳይገባ ማድረግ ነው።

እኛ ቦለስ የምንሠራው በሰም ነበር። ሰሙን ሞቅ ባለ ውሃ ነክረን፣ ሲለሰልስ ፊቱ ላይ ወይም ትከሻው ላይ እናለብሰዋለን። ለአፍንጫና ለጆሮ ከባድ ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ውፍረቱ እኩል አይሆንም፣ ሲሞቅ ይወርዳል። ጋሽ ወርቅነህ ሲጨርሱ ከደረት ኪሳቸው ቀጭን ወረቀት ያወጣሉ፤ የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገባውን ስስ ወረቀት በጣት ወርድ ቀድደው ይይዙ ነበር። ወረቀቱን በጠርዙ ዙሪያ ሁሉ ይሞክሩታል። አንድ ቦታ ከገባ ሰሙ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ገባም አልገባም፣ የሁሉንም ሰው ሰም አሙቀው እንደገና ፊቱ ላይ ይጫኑት ነበር። «ፊት በሳምንት ውስጥ ይለወጣል» ይሉ ነበር።

እሳቸው ጡረታ በወጡ በዓመቱ ፕሪንተሩ በእርዳታ መጣ። ሲቲ ስካኑ የበሽተኛውን ፊት በስሱ እየከፈለ ያነሣዋል። ሕሊና የምትባል ወጣት የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነበረችን፤ እሷ በኮምፒውተር ላይ ቦለሱን ትሥላለች። ማሽኑ ደግሞ እንደ ሽቦ የተጠቀለለ ፕላስቲክ እያቀለጠ፣ አንዱን ስስ ንጣፍ በሌላው ላይ እየደራረበ ያወጣዋል። እኔ ማሽኑን እጠብቃለሁ፤ ሲያልቅ ማሽኑ ለመደገፊያ አብሮ ያወጣውን ትርፍ ፕላስቲክ ሰብሬ አወጣለሁ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ አጥባለሁ።

የመጀመሪያው ሥራችን ውጪው ቆንጆ ነበር። ሕሊና ስካን ስታደርገው ግን ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ባዶ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ማሽኑ ፕላስቲክ እንዲቆጥብ ታዞ ኖሯል። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። ሦስተኛው ተረከዟ ላይ ዕጢ ለነበራት አንዲት ከአርሲ የመጣች ሴት ነው። ተረከዝ ላይ ሰም አንድም ቀን ተይዞልን አያውቅም። ያ ፕላስቲክ ግን እንደ ጫማ ገባላት። ሕሊናና እኔ ተቃቅፈን ዘለልን። ማሽኑን ከሳሽ ሆኜ እንዳልታይ ነው ይህን የምናገረው፤ በእኔ እጅ የማይቻለውን ያደርግ ነበር። ለጆሮ፣ ለአፍንጫ፣ ለጣት መሐል ሠርቶልናል። የሰሙን ድስት ከነምድጃው ወደ ዕቃ ቤት አስገባሁት። ወረቀቷንም ተውኳት። ማሽኑ ለክቶ ከሠራው በኋላ በወረቀት መሞከር የድሮ ሰው ሥራ መሰለኝ።

አንድ ቀን ጋሽ ወርቅነህ ሊጠይቁን መጡ። ፊት ላይ የሚሆን አንድ ቦለስ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ብሠራ እንዲህ አይወጣልኝም።» ቀጥለውም «ሰውየውስ?» አሉኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የዚህ ባለቤት። ነክተሽዋል?»

«መንካት አያስፈልግም ጋሼ። ኮምፒውተሩ ለክቶታል።»

«እሺ» ብለው አስቀመጡት። ቅር አለኝ። ማሽኑ ስለ በለጣቸው ነው ብዬ በልቤ አማኋቸው። ይህንንም እጽፈዋለሁ።

ዳንጊሶ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ቆዳውና ፀጉሩ ነጭ የሆነ፣ አልቢኒዝም ያለበት፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነው። ሥራው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ መረብ መጠገን ነበር። ትልቅ ባርኔጣ ያደርጋል፤ ግን የሐይቁ ፀሐይ ከላይም ከታችም ነው የሚመጣው። ከቀኝ ጆሮው ፊት ለፊት፣ ጉንጩ ላይ የቆዳ ካንሰር ወጣበት። ከሚስቱ ከአስቴር ጋር መጣ። አማርኛው እምብዛም አይደለም፤ እኔም ሲዳምኛ ከሰላምታ አላልፍም። «እኅቴ» ነበር የሚለኝ። ሁልጊዜ ከቀጠሮው ቀድሞ ይመጣና ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል።

ለእሱ ያወጣሁት ቦለስ በሥራ ዘመኔ ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረው ነበር። የጆሮውን እጥፋት ሳይቀር ይዟል። የመጀመሪያው ቀን ሲገጠም ሕሊና «እዩት፣ እንዴት እንደተቀመጠ!» አለች። ሕክምናው ለስድስት ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሕሊና ለወሊድ ፈቃድ ወጣች። በእሷ ፈንታ ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ይሸፍንልን ነበር። በየሳምንቱ የቦለሱን አቀማመጥ አይቶ ቅጹ ላይ መፈረም የእኔ ሥራ ሆነ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ይመስለኛል፣ ፊቱ እንዳይንቀሳቀስ ከቦለሱ በላይ የሚታሰረው ጭንብል ተነሥቶለት ከማሽኑ ሲወርድ፣ ጉንጩን ያዝ አድርጎ ቆመ።

«እኅቴ» አለኝ። «ንፋስ ይገባል።»

«የት?»

«እዚህ።» ከጆሮው ፊት ለፊት በጣቱ አሳየኝ። «መጀመሪያ አይገባም ነበር። አሁን ቀዝቀዝ ይላል።»

ቦለሱን አነሣሁና ጉንጩ ላይ አድርጌ በመዳፌ ጫን አልኩት። ጫን ሲሉት ቁጭ አለ። እርግጥ ነው፤ ጫን ሲሉት ምን የማይቀመጥ አለ።

«አየህ? ልክ ነው። ይኼ በኮምፒውተር የተለካ ነው ዳንጊሶ፤ ፀጉር ታህል አይሳሳትም።»

«እሺ» አለ። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ውጪ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ቀጣዩን ጠራሁ። ቅጹ ላይ «ልክ ነው» ብዬ ፈረምኩ። በአምስተኛውም ሳምንት፣ በስድስተኛውም ፈረምኩ። ዳንጊሶ ዳግመኛ ምንም አላለም። እኔም ዳግመኛ አልጠየቅኩትም።

ከወራት በኋላ ሕመሙ ተመለሰ። ዶክተሩ ሲያዩት አዲሱ እብጠት የወጣው ከጆሮው ፊት ለፊት፣ በጣቱ ያሳየኝ ቦታ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሕሊና ከፈቃድ ተመልሳ ነበር። በሕክምናው ወቅት ማሽኑ በየጊዜው ያነሣቸውን ምስሎች አንድ በአንድ ከፈተች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ምስል ላይ ፕላስቲኩና ቆዳው እንደተጣበቁ ናቸው። በሦስተኛው ላይ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር አለ። በአራተኛው ላይ መስመሩ ሰፍቷል። ጥቁሩ አየር ነው። ስካን ሲነሣ ጉንጩ አብጦ ነበር፤ ሕክምናው ሲጀምር እብጠቱ ቀነሰ፤ ማኘክ ስላመመውም ከሳ። ፊቱ ሸሸ፤ ደረቁ ፕላስቲክ ግን በመጀመሪያው ፊት ልክ እንደ ቆመ ቀረ።

ሕሊና ቅጾቹን አወጣች።

«ወይዘሮ ማርታ፣ ይኼ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«አይተውት ነበር?»

«ነግሮኝ ነበር» አልኳት። «ንፋስ ይገባል ብሎኝ ነበር።»

ወንበሯን አዙራ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «በእርግጠኝነት በዚህ ነው ማለት አይቻልም» አለች። «በደንብ ተሸፍኖም የሚመለስ አለ። ምስሎቹን ደግሞ እኛም ማየት ነበረብን፤ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም።» ሐቋን ነው። ግን ያ ጥቁር መስመር በሁለታችንም ፊት ስክሪኑ ላይ ነበር።

ሪፖርት ተጻፈ። ከዚያ በኋላ በሕክምናው አጋማሽ ስካኑ እንደገና ይነሣ ተባለ፤ ለፊት ለስለስ ያለ ፕላስቲክ መጠቀም ጀመርን፤ እኔም ስሱን ወረቀት ፈልጌ መልሼ ኪሴ ውስጥ አደረግሁ። ለሰውየው ይነገረው ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ በወቅቱ የነበሩት ኃላፊ «ምን ይጠቅመዋል? ካንሰር ይመለሳል፤ ያውቀዋል» አሉኝ። እኔም ልቤ ያንን መስማት ፈልጎ ነበርና ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ዳንጊሶ አዲስ አበባ ተልኮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የጆሮው ከፊልና የጉንጩ ሥጋ ተነሣ። የፊቱ ነርቭ ስለተቆረጠ ቀኝ ዓይኑ አልከደን አለ። ለክትትል ሲመጣ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ሥራ እንደበዛበት ሰው ፈጠን ብዬ አልፋለሁ። ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እንዲህ አለፍኩት።

በመጨረሻ ወደ ጋሽ ወርቅነህ ቤት፣ ወደ መናኸሪያ ሰፈር ሄድኩ። ስኳር አድክሟቸው ከቤት አይወጡም ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ይቆጡኛል፣ ወይም ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሰምተው ሲጨርሱ «ለእሱ ነግረሽዋል?» አሉ።

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ። «ፊቱ የእኔ ነው እንዴ?»

ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። በሁለተኛው ወር አረፉ።

እሳቸውን በጠየቅኩ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር የዳንጊሶን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። አስቴር በሩን ከፍታ ስታየኝ ደነገጠች፤ የሐኪም ቤት ሰው ቤት ድረስ የሚመጣው ለክፉ ነገር መስሏታል። አስገባችኝ። ዳንጊሶ መስኮቱን ዘግቶ፣ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ቀርቶበት እቤቱ ውስጥ መረብ ይጠግን ነበር። ያ ያልከደነ ዓይኑ በንፋስና በብርሃን ስለሚያነባ፣ መሐረብ ይዞ ይጠርገዋል። መረቡን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ወንበር ሰጠኝ።

አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። ቦለሱ እንደ ተነሣ፣ አየር እንደ ገባ፣ በምስሉ ላይ እንዳየነው፣ እኔም ሳላይ እንደ ፈረምኩ ነገርኩት። አንዳንዱ ቃል ሳይገባው ሲቀር አስቴር በሲዳምኛ ታስረዳዋለች። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። «ሊመለስ ይችል ነበር ይላሉ፤ ግን እርግጠኛ የሆነ የለም» አልኩ። «አንተ ነግረኸኝ ነበር። እኔ አልሰማሁህም። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

መረቡን መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገና አንድ ቋጠሮ ቋጠረ። እኔም መልሱ እስኪመጣ ጠበቅሁ።

«ከዚያም በኋላ ይገባ ነበር» አለ።

«ንፋሱ?»

«አዎ። በየቀኑ። እስኪያልቅ ድረስ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

መሐረቡን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆየ። «ሳቅሽ» አለኝ። «ንፋስ ይገባል ስልሽ ሳቅሽ። ሰው በእኔ ሲስቅ ዝም ማለት ነው የለመድኩት። ከልጅነቴ።»

አስቴር በሲዳምኛ የሆነ ነገር አለችው፤ ቆጣ ብላ ነው። እሱ ግን እጁን አነሣና «በክፋት አይደለም፤ አውቃለሁ» አለኝ። «ፊቴ ላይ ችግር ያለ መሰለኝ እንጂ ፕላስቲኩ ላይ አልመሰለኝም። አንቺ የተማርሽ ነሽ።» ቀጥሎም፣ «ይቅርታ ለፊቴ አይሆነውም» አለ። «መምጣትሽ ግን ጥሩ ነው። ማንም አልመጣም።»

አስቴር እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። እጄን ሳትጨብጠኝ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ማክሰኞ ደጋግሜ ለማስታወስ ሞክሬያለሁ። የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ያሰማ የነበረውን ድምፅ አስታውሳለሁ። ጭንብሉ ጉንጩ ላይ የተወውን ሰንበር፣ ባርኔጣው አልጋው ሥር ወድቆ ጎንበስ ብሎ ሲያነሣው፣ ጣቱን ያሳረፈበትን ቦታ፣ የራሴን መዳፍ ጉንጩ ላይ፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። መሳቄን ግን አላስታውስም።